ከደሴ ላሊበላ በሞተር፦ ካሜራውን የት ልሰረው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ሰነበታችሁ? ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጥቅምት ላይ ከደሴ ተነስቼ በሀይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርጌ ወልድያ፣ ከዚያ ድልብን ወጥቼ በጋሸና በኩል ላሊበላ ለመግባት አስቤያለሁ። ሞተሬ ቦክሰር 150 ነው። ሄልሜቴ አገጭ ድረስ የሚሸፍነው ዓይነት ነው። መንገዱን በቪዲዮ መያዝ እፈልጋለሁ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ "እስቲ የመርሳን መንገድ አሳየን፣ እስቲ ድልብን" እያሉ ይጠይቁኛል፣ በስልክ የማነሳት ፎቶ ደግሞ አላጠገበቻቸውም።

ሁለት ካሜራ ቀርቦልኛል። አንዱ ያገለገለ ጎፕሮ 9 ነው። ሌላው አዲስ ኦስሞ አክሽን 4፣ እሱ ዋጋው ከበድ ይላል። ባለፈው የጓደኛዬን ካሜራ መሪው ላይ አስረን ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ወርደን ነበር። ምስሉ ይርገበገባል፣ አስፋልቱ ራሱ ይወዛወዛል። ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ንፋስ ነው። የትኛውን ልግዛ? የትስ ልሰረው? ድምፁንስ ምን ላድርገው? የምታውቁ እስቲ በደንብ አስረዱኝ።

ሐረጎ ቁልቁል፦
አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሄ አለው። ግን ጥያቄህን ገልብጠው። የትኛውን ልግዛ ከማለትህ በፊት የት እንደምታስረው ወስን። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል በየጊዜው የምመላለስ ሰው ነኝ፣ የብዙ ልጆችን ቪዲዮም አይቻለሁ። በጥሩ ቦታ የታሰረ ርካሽ ካሜራ በመጥፎ ቦታ ከታሰረ ውድ ካሜራ ይበልጣል። ይሄን በሙሉ አፌ ነው የምናገረው።

መሪው ላይ ለምን እንደተወዛወዘ ልንገርህ። የቦክሰር ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፣ ንዝረቱ በቀጥታ መሪው ላይ ይወጣል። የካሜራው ሴንሰር ደግሞ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነሳም፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። መስመሮቹን እያነበበ እያለ ካሜራው ከተነቀነቀ እያንዳንዱ መስመር ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። አስፋልቱ የተወዛወዘብህ ለዚህ ነው። ጎፕሮ ከ7 ብላክ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ ሃይፐርስሙዝ የሚለው ማረጋጊያ አለው። እሱ የሚያስተካክለው ትልቁን መንገጫገጭ ነው። እንዲህ ያለውን ፈጣን ንዝረት በደንብ አያጠፋውም።

ስለዚህ ካሜራውን ወደ ራስህ ገላ አምጣው። ወገብህ፣ ጉልበትህ፣ አንገትህ ንዝረቱን ይውጠዋል። ሙሉ ሄልሜት ካለህ ቦታው አገጩ ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልግ። ከዓይንህ ትንሽ ዝቅ ስለሚል የምታየውን ያያል፣ መሪውና ሁለቱ እጆችህም በከፊል ይገባሉ፤ የሚያየው ሰው ሞተሩ ላይ አብሮህ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። አናት ላይ የሚያደርጉት ልጆች አሉ። እዚያ ንፋስ ይይዘዋል፣ አንገት ይጎትታል፣ ምስሉም ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ የሰውየው አይመስልም። በጎን የሚያስሩትም አሉ፣ ግማሹን ምስል ሄልሜቱ ይበላዋል።

ማጣበቂያ ያለው መያዣ ግዛ። ሄልሜቱን መጀመሪያ በአልኮል ጥረግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጥፈህ ሳትነካው 24 ሰዓት አሳድረው። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ማጣበቂያው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ካደረ በኋላ ነው። ሻካራ ወይም ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ቀለም ያለው ሄልሜት ላይ ግን አትመነው። ለእሱ አገጩን ዙሪያውን የሚያስረው ባለ ላስቲክ ማሰሪያ ይሻላል። በሁለቱም ላይ ጠንካራ ሲባጎ ጨምርና ካሜራውን ከሄልሜቱ ጋር እሰረው። አንድ የማውቀው ልጅ ሀይቅ መውረጃ ላይ ካሜራው ወድቆበት ከኋላ የነበረው ሲኖትራክ ሄደበት። ደግሞ ሄልሜት እንዳትበሳ። ቡለን የሚያስገቡ ልጆች አይቻለሁ። የተበሳ ሄልሜት የሚሰነጠቀው ከዚያው ቀዳዳ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቡለኑ ወደ ፊትህ ነው የሚገባው።

ቦርከና 125፦
ለምን ይሄ ሁሉ ወጪ? ጥሩ ስልክ ካለው የስልክ መያዣ ገዝቶ መሪው ላይ ቢያስረው አይበቃም? የዘንድሮ ስልኮች 4ኬ ይቀርጻሉ እኮ።

ቪዲዮ ቤት ደሴ፦
ቦርከና፣ ወንድምአለም፣ ይሄን እንዳታደርግ። አፕል በ2021 መስከረም ላይ ራሱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አይፎን ካሜራ ውስጥ ሌንሱን በማግኔት የሚያረጋጋ ስስ መሣሪያ አለ፣ ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት ለረጅም ጊዜ ከደረሰበት የካሜራው ጥራት ሊቀንስ ይችላል ነው ያለው። ሌሎች ስልኮችም ሌንሳቸው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያው ናቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ፎከስ አይዝም። የአክሽን ካሜራ ሌንስ አይንቀሳቀስም። ማረጋጋቱ የሚሰራው በሶፍትዌር ነው። ለዚህ ነው ኮረኮንች የሚችለው።

ለጦሳ ልጅ፦ ሁለቱም ካሜራ ይሰራልሃል። ጎፕሮ 9 ውስጡ ጂፒኤስ አለው፣ ፍጥነትና ካርታ ቪዲዮው ላይ ማሳየት ከፈለግህ ይጠቅምሃል። አክሽን 4 ራሱ ውስጥ ጂፒኤስ የለውም፣ ግን ሴንሰሩ ትልቅ ነው፣ 1/1.3 ኢንች፤ የጎፕሮው 1/2.3 ነው። ልዩነቱን የምታየው ሲመሽ፣ ጉም ሲሆንና ዛፍ ጥላ ውስጥ ስትገባ ነው። ጥቅምት ላይ በጠራራ ቀን የምትነዳ ከሆነ ግን ልዩነቱ ለዘመዶችህ አይታያቸውም። ያገለገለው ባትሪው ካላበጠ፣ የጎኑ በር በደንብ ከገጠመ፣ ሌንሱ ላይ ጭረት ከሌለ ውሰደው። የጎፕሮ 9 የፊት መስታወቱ ይፈታል፣ እሱ ብቻ ከተጫረ በሌላ ይቀየራል።

ማስተካከያውን እንዲህ አድርገው። 4ኬ በሰከንድ 30 ፍሬም ይበቃል። ዋይት ባላንሱን፣ የምስሉን ቀለም የሚወስነውን፣ አውቶ ላይ አትተወው፣ 5500 ላይ ቆልፈው። አለዚያ ጥላ በገባህ ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጣል፣ ኤዲት ስታደርግ ራስህን ያዞርሃል። አይኤስኦውን፣ ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ በቀን ከ400 እንዳያልፍ ገድበው። ኤክስፖዠሩን፣ የምስሉን ብሩህነት፣ ወደ -0.5 ቀንስ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ገደል ጥቁር ነው ሰማዩ ደግሞ ያበራል፣ ካሜራው ገደሉን ለማሳየት ሲል ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል። ማረጋጊያው ይብራ፣ ቡስት የሚለው ግን ይቅር፣ ምስሉን በጣም ይቆርጠዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። ሆራይዘን ሎክ የሚባለውን አጥፋው። ሐረጎ ላይ ወይ ድልብ ላይ ሞተሩ ወደ ጎን ሲያጋድል ነው ደስታው ያለው። ያ ነገር ሲበራ አድማሱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ መታጠፊያው ሁሉ ሜዳ ላይ የምትሄድ ያስመስለዋል።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። አገጩ ላይ ወሰንኩ። ድምፁስ? እየነዳሁ ስለ ቦታው ማውራት እፈልጋለሁ፣ ውጫሌ ስደርስ ስለ ውሉ፣ ሀይቅ ስደርስ ስለ እስጢፋኖስ ገዳም። የሞተሩም ድምፅ ትንሽ ቢሰማ እወዳለሁ።

ሐረጎ ቁልቁል፦
ለድምፅ የካሜራውን ማይክ እርሳው። ከ60 በላይ ስትነዳ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ነው። ትንሿን ባለ ሽቦ የደረት ማይክ ግዛ። ስፖንጅ አልብሳትና ከሄልሜቱ ውስጥ፣ ከጉንጭህ ስፖንጅ ጀርባ ወደ አፍህ አስጠግተህ ሸጉጣት። የአገጩ የአየር ማስገቢያ ፊት ለፊት ብቻ አታድርጋት፣ እዚያ ንፋሱ ቀጥታ ይመታታል። ሽቦውን በሄልሜቱ ጠርዝ አውጥተህ ካሜራው ላይ ትሰካለህ። ጎፕሮ 9 ለዚህ ወይ የራሱን የማይክ አዳፕተር ወይ ሚዲያ ሞድ የሚባለውን ልባስ ይፈልጋል። ሚዲያ ሞድ ያደረግህ እንደሆነ ውሃ አይችልም፣ ዝናብ ከመጣ ቶሎ አውልቀው። አክሽን 4 በዩኤስቢ ሲ አዳፕተር ማይክ ይቀበላል።

ሄልሜት ውስጥ ያለው ማይክ የሞተሩን ድምፅም ለስለስ አድርጎ ያስገባልሃል፣ ለአንተ ያ ይበቃሃል። የማርሚታው ድምፅ ጎልቶ እንዲሰማ የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ዘዴ አለው። ስልክህን ድምፅ መቅረጫ ላይ አድርገህ በጨርቅ ጠቅልለህ የኋላ ቦርሳ ውስጥ ክተታት፣ ንፋስ አይነካትም። ከመነሳትህ በፊት ሁለቱም እየቀረጹ አንዴ ክላክስ አድርግ፣ ኤዲት ስታደርግ በዚያ ድምፅ ታገጣጥማቸዋለህ።

የደላንታ ብርድ፦
እኔ ደግሞ ከወገል ጤና ነኝ። ሥራዬ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ነው፣ የምነዳው የመሥሪያ ቤት ያማሃ ኤጂ 100 ነው፣ ሄልሜቴም ፊቱ ክፍት ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ አገጭ ላይ የሚባለው አይሆንም። የደረት ማሰሪያ ነው የምጠቀመው። ቀጥ ብለህ የምትቀመጥበት ሞተር ላይ ደረት ጥሩ ቦታ ነው፣ ሰልባቲዮው፣ እጆችህ፣ መንገዱ ሁሉም ይገባል፣ ወደ መሬት ቀረብ ስለሚልም ፍጥነቱ ይሰማል። ካሜራውን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርጋት፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ የነዳጅ ጋን ቀርጸህ ትገባለህ። አንገትህን ስታዞር ግን ካሜራው አብሮህ አይዞርም። ገደል ለማሳየት መላ ትከሻህን ማዞር አለብህ፣ ይሄ በእውነቱ የደረት ጉድለት ነው።

የጦሳ ልጅ ስለ ባትሪ አልጠየቅህም፣ እኔ ልንገርህ። ድልብን ወጥተህ ጋሸና ስትደርስ ብርዱ ሌላ ነው። ወልድያ ላይ በሸሚዝ የነበርከው ሰውዬ ጃኬት ትፈልጋለህ። ብርድ ላይ ባትሪ ቶሎ ይወድቃል፣ ግማሽ ነበረ ስትል ድርግም ይላል። ትርፍ ባትሪህን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከጃኬትህ ውስጥ ወደ ገላህ አስጠግተህ ያዝ። 4ኬ እየቀረጽክ የጎፕሮ 9 ባትሪ፣ 1720 ሚሊአምፒር ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። ኤንዱሮ የሚሉት ነጩ ባትሪ ብርድ ይችላል፣ ከተገኘ እሱን ውሰድ። ሦስት ባትሪና አንድ ፓወር ባንክ ይበቃሃል፣ ምሳ ስትበላ አንዱን እየሞላህ።

አቧራውንም አስብበት። ኮረኮንች ላይ አይሱዙ ከፊትህ ካለ አትጠጋው። ጠጠሩ ሌንስ ላይ ይመጣል። ሌንሱን በሹራብ እጅጌ አትጥረገው፣ አቧራው ራሱ ይጭረዋል። መጀመሪያ እፍ በል፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ።

ቦርከና 125፦
360 ዲግሪ የሚቀርጹትስ? ኢንስታ360 ምናምን። ከኋላ ተሰክቶ ሞተሩንና ነጂውን የሚያሳይ አይቼ ነበር፣ ድሮን የሚመስል።

ቪዲዮ ቤት ደሴ፦
ያምራል፣ በተለይ ዱላው ራሱ ከምስሉ ውስጥ ስለሚጠፋ። ችግሩ ሁለቱም ሌንስ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፣ ጠጠር የሚያገኘው መጀመሪያ እሱን ነው። ኤክስ4 መከለያ ይገባለታል፣ በ2025 የወጣው ኤክስ5 ደግሞ ሌንሱ የሚቀየር ነው። ግን ኤዲቱ ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም።

ቆቦ ቀጥታ፦
ሁላችሁም ስለ መንገድ ብቻ ነው የምታወሩት። ቪዲዮ የሚታየው ሰው ሲኖርበት ነው። ገበያ ግባ፣ መርሳ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡትን፣ ሀይቅ ላይ ዓሣ ቤቶቹን፣ መንገድ ላይ የሚሄዱትን ሁሉ ቅረጽ። አደባባይ ነው፣ ማንም ምንም አይልህም።

እሙ ሀይቅ፦
ቆቦ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። እኔም ስኩተር እነዳለሁ፣ ካሜራም አለኝ። እናቴ ደግሞ ገበያ ላይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አደባባይ ስለሆነ ብቻ ሰው ንብረትህ አይሆንም። ሰውዬው ካሜራ መሆኑን ካላወቀ "ምንም አላለም" ማለት ፈቀደ ማለት አይደለም እኮ። ሄልሜት ላይ ያለች ጥቁር ነገር ካሜራ ትሁን መብራት ብዙ ሰው አያውቃትም። ቀብር ላይ የቆመ ሕዝብ፣ መስጊድ በር ላይ ውዱ የሚያደርግ ሰው፣ ወንዝ ወርዳ የምትታጠብ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ከአስፋልቱ ዳር ናቸው። እያለፍክ ስለገቡብህ በኢንተርኔት ትለቃቸዋለህ?

የጦሳ ልጅ፣ አንተ ግን ብልህ ልጅ ትመስለኛለህ። ሰው ቅረጽ፣ ግን ውረድ፣ ሄልሜትህን አውልቅ፣ ሰላም በል፣ ጠይቅ። ወሎ ላይ ሰላም ብለህ የጠየቅከው ሰው እንቢ የሚልህ ትንሽ ነው። ቡና ጠጣ ብሎ ያስቀምጥሃል፣ ከዚያ ያንን ትቀርጻለህ። ልጆችን ደግሞ ተጠንቀቅ። ካሜራ ካዩ ወደ አስፋልት ይሮጣሉ፣ ከኋላህ መኪና አለ። ከተማና ሰፈር ውስጥ ስትገባ ዝግ በል፣ አትጫወትባት።

ቆቦ ቀጥታ፦
እሙ፣ ስለ ቀብሩና ስለ መስጊዱ ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም እሱን ማለቴ አልነበረም። ግን በየአምስት ደቂቃው ቆሞ የሚጠይቅ ከሆነ ላሊበላ አይደርስም። ከሩቅ በመንገድ ሲሄድ የታየ ሰው ምንም የለውም ነው የምለው።

እሙ ሀይቅ፦
ከሩቅ ሲሆን እስማማለሁ ወንድሜ። ፊቱ የማይለየው ሰው የመንገዱ አካል ነው። ፊቱን ካሳየኸው ግን ጠይቀው። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ሁሉም ይመጣል፣ ውጭ አገር ሰው ካሜራ ሲደቅንባቸው ፊታቸውን የሚሸፍኑ እናቶች በዓይኔ አይቻለሁ። የአገር ልጅ ሲያደርገው ያንሳል ብዬ አላምንም።

የባቲ መንገድ፦
ባቲ ከተነሳ እኔም ልግባ። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከዚያም ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የጅቡቲ ቦቴና ተሳቢ መንገድ ነው። እኔ ካሜራ የገዛሁት ለቪዲዮ ውበት አይደለም፣ ለማስረጃ ነው። ቦቴ ቀድሞህ ሲመለስ ጥግ ያስይዝሃል። ካሜራው ሉፒንግ የሚባል አሠራር አለው፣ እየቀረጸ ሚሞሪው ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ይሄዳል። አንድ ነገር ቢፈጠር ግን ወዲያው አጥፍተህ ሚሞሪውን አውጣው፣ ካልሆነ ከላዩ ይቀርጽበታል። ኦሪጅናሉን ፋይል አትቁረጠው፣ ግልባጭ አድርገህ በግልባጩ ላይ ሥራ። ቀኑንና ሰዓቱንም ቀድመህ አስተካክል። ካሜራው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው የሚያውቀው። ከቻይና ሰዓት ጋር የቀረ ቪዲዮ ይዘህ ብትሄድ ማን ያምንሃል?

ሙቀትም አለ። ቆላ ላይ ቆመህ በፀሐይ ከተውከው ካሜራው ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል። እየሄድክ ንፋስ ስለሚያገኘው ይችላል። ስትቆም አጥፋው። የጦሳ ልጅ ይሄ አንተን ብዙ አይነካህም፣ ወደ ቆቦ በኩል ከወረድክ ግን አስታውሰው።

ሌላው ኬላ ነው። ኬላ ሳትደርስ ካሜራውን አጥፋ፣ ሌንሱን ሸፍን ወይም አውልቀህ ኪስህ ክተተው። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ካምፕ አይቀረጽም። "አልቀረጽኩም" ብለህ ከመከራከር ቀድሞ ማውለቅ ይሻላል። ከመነሳትህ በፊትም መንገዱ ክፍት መሆኑን ወልድያና ጋሸና ያለ ሰው ደውለህ ጠይቅ።

የጦሳ ልጅ፦
እሙ፣ እህቴ፣ ምክርሽን ይዣለሁ። የባቲ መንገድም እናመሰግናለን፣ ሉፒንጉን አላውቀውም ነበር። ስንት ጊጋ ሚሞሪ ልያዝ?

ቪዲዮ ቤት ደሴ፦
በ100 ሜጋቢት ከቀረጽክ በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል። በ60 ሜጋቢት 27 ጊጋ። ከደሴ ላሊበላ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ በኛ መንገድ ከሰባት ሰዓት በላይ ነው። ሁሉንም ልቅረጽ ካልክ በትልቁ ጥራት ከ300 ጊጋ ያልፋል። ሁሉንም መቅረጽ ግን ምን ያደርግልሃል? ማን ቁጭ ብሎ ሊያየው ነው? ሁለት ባለ 128 ይበቃሃል፣ ቦታ መርጠህ ቅረጽ። ቪ30 ወይም ዩ3 የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን፣ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ካርድ መሀል ላይ መቅረጽ ያቆምብሃል፣ አንተ ደግሞ እየነዳህ አታውቀውም።

ገበያ ላይ ያለ ሚሞሪ ብዙው የውሸት ነው። 128 ይላል፣ ውስጡ 16 ነው። እስከ 16 በደንብ ይቀርጻል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ፋይል ይሆናል። ገዝተህ እንደመጣህ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን አስጽፈህ አስነብበው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከጉዞ በኋላ ከማልቀስ ይሻላል። ከዚያ ፎርማት የምታደርገው ካሜራው ውስጥ ይሁን።

ለመምረጥ እንዲመችህ አንድ ዘዴ አለ። ጎፕሮ ላይ እየቀረጽክ የጎኑን ቁልፍ ስትጫን ምልክት ያደርጋል። ደስ የሚል ነገር ባለፈ ቁጥር፣ ቦታው ቀጥ ያለ መንገድ ከሆነ፣ አንዴ ንካው። በኋላ ኤዲት ስታደርግ ምልክቱ ጋ ብቻ ትሄዳለህ። ፋይሉ ኤች265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ከሆነ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ይቆራረጣል፣ ቪዲዮው ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ችግሩ የላፕቶፑ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው ኤዲት ማድረጊያ ነፃው ላይ ፕሮክሲ፣ ማለትም ቀለል ያለ ግልባጭ፣ አውጥተህ ሥራ። ስልክ ላይ ከሆነ ካፕከት ይበቃል።

ዘፈን ስትጨምርም አስብበት። የታዋቂ ዘፋኝ ትዝታ ከለጠፍክበት ዩቲዩብ ለይቶ ያውቀዋል፣ ወይ ድምፁን ይዘጋል ወይ ገቢውን ለባለቤቱ ይሰጣል። ዘፈኑ የሰው ላብ ነውና ትክክል ነው። አንተ ግን በአምባሰል ሥር እያለፍክ ነው የምትቀርጸው፣ መሰንቆ የሚመታ ልጅ ደሴ ውስጥ አይጠፋም። ከፍለህ፣ ተነጋግረህ፣ አምባሰልን ወይ ባቲን በመሰንቆ ብቻ አስመታው። የራስህ ይሆናል፣ ልጁም ይጠቀማል።

ሸዋበር፦
ልጆች፣ እኔ ሞተር የነዳሁት እናንተ ሳትወለዱ ነው፣ በሆንዳ ኤክስኤል። ስለ ካሜራው እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ እጅ ግን ልናገር። ካሜራ ሲበራ እጅ ነዳጁ ላይ ይከብዳል። የሚያየኝ አለ ብሎ ያስባል ሰው። ሐረጎ ላይ መታጠፊያው ውስጥ መኪና መቅደም፣ ጉም ውስጥ መንደርደር፣ ይሄ ሁሉ ለቪዲዮ ሲባል ይደረጋል፣ ሲወድቁም አይቻለሁ፣ ቀብር ላይም ቆሜያለሁ። ካሜራዋን ከመነሳታችሁ በፊት አብሯት፣ ከዚያ እርሷት። እየነዳችሁ "ትቀርጻለች ወይ?" ብላችሁ አገጫችሁን መነካካት ከጀመራችሁ ቁሙ። ዳር ያዙ፣ እዩ፣ ከዚያ ሂዱ።

ሐረጎ ቁልቁል፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። ለዚህ እኮ አንዴ ሲጫኑት በርቶ መቅረጽ የሚጀምር አሠራር አለው፣ ኩዊክካፕቸር ይባላል። ጓንት ለብሶም ይሰራል። ሲጀምርና ሲያቆም ድምፅ ይሰጣል፣ ያን ድምፅ ከፍ አድርጎት መስማት ነው፣ ማየት አያስፈልግም።

የጦሳ ልጅ፣ ፀሐይዋን ሳልነግርህ ልረሳ ነበር። ይሄ ከካሜራው ዓይነት ይበልጣል። ከደሴ እስከ ወልድያ ወደ ሰሜን ነው የምትሄደው፣ ጠዋት ከተነሳህ ፀሐይ ከቀኝህ ትሆናለች፣ በግራህ ያለው የአምባሰል ገደል ሙሉ በሙሉ ይበራልሃል። ከወልድያ ወደ ድልብና ጋሸና ግን ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት ከወጣህ ፀሐይዋ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች፣ ገደሉ ሁሉ ጥቁር ይሆናል፣ ለራስህም ዓይን አደጋ ነው። ስለዚህ ወልድያ እደር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስተህ ድልብን ስትወጣ ፀሐይ ከጀርባህ ናት፣ የምትወጣው ተራራ ፊት ለፊትህ ወርቅ ይሆናል። በዚያ ላይ በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ያለው መኪና ጥቂት ነው። ሐረጎን ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጠዋት ብትወርድ ፀሐይዋ ፊትህ ላይ ነች፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ውረድ።

የምትቀርጽባቸውን እኔ ብሆን እንዲህ እመርጣለሁ፦ ከሀይቅ በላይ ያለው ቁልቁለት ሐይቁ ብልጭ የሚልበት፣ ውጫሌ አካባቢ፣ ከውርጌሳ እስከ መርሳ ያለው አረንጓዴ፣ ድልብ ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ። ጋሸና ሜዳው ላይ ደግሞ አምስት ደቂቃ ብቻ። ላሊበላ ቤተክርስቲያኖቹ ቅጥር ሳትገባ ካሜራውን አውልቅ፣ ውስጥ ለመቅረጽ መጀመሪያ እዚያው ያሉትን ጠይቅ።

የጦሳ ልጅ፦
ወልድያ አድራለሁ፣ ተወሰነ። ያገለገለውን ጎፕሮ 9 ነው የምወስደው፣ በተረፈው ብር ማይክና ሁለት ባትሪ እጨምራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለደላንታ፦ ስመለስ በጋሸና፣ በወገል ጤና፣ በኩታበር አድርጌ ደሴ ብገባስ? ለካሜራ እንዴት ነው መንገዱ?

የደላንታ ብርድ፦
ና፣ ምን ችግር አለ። ከወልድያው መንገድ ይበልጣል እንጂ አያንስም። መጀመሪያ የጅጣን ሸለቆ ትወርዳለህ ትወጣለህ፣ ከዚያ ደላንታ ሜዳው ላይ ነህ፣ ኦፓል የሚቆፈርባቸው ገደሎች ዳር ዳሩን ናቸው። ቀጥሎ በሽሎ ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት በአንድ ቁልቁለት ነው የምትገባው፣ ሌንሱ በላብ ሊሸፈን ይችላል። ካሜራውን ሙቀቱ ላይ ስትደርስ አትክፈተው፣ ባትሪና ሚሞሪ ብርዱ ላይ ሳለህ ቀይረህ ዝጋው፣ እርጥብ አየር አይገባም። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ከካሜራው ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተታት። በሽሎ ቁልቁለት ላይ ፍሬንህን አታግለው፣ በማርሽ ውረድ፣ ነዳጅ ደግሞ ጋሸና ላይ ሙላ። ወገል ጤና ስትደርስ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ያረጀ ፓወር ባንክም ቢሆን አላጣም፣ ቡናም አለ።